ኪሱን የሚዳስስ ሰው

አቃቂ፣ የምሠራበት ፋብሪካ ግቢ ውስጥ፣ በምሳ ሰዓት ፖከር ስንጫወት የሚችለኝ አልነበረም። የምንጫወተው በለስላሳ ስለሆነ የማይረባ ካርታ ይዤ ውርርዱን ስጨምር ጓደኞቼ እየሳቁ ካርታቸውን ይጥሉልኛል። ታዲያ ልቤ አበጠና ደሞዝ የወሰድኩ ቀን ኮዬ ፈጬ፣ ነጋዴዎች የሚጫወቱበት ኮንዶሚኒየም ቤት ሄድኩ። እዚያ የሚስቅ የለም። እንደለመድኩት የማይረባ ካርታ ይዤ ያለኝን ሁሉ አስያዝኩ። ፊት ለፊቴ የተቀመጡት ሽማግሌ ካርታቸውን ደግመው እንኳ ሳያዩ ተከተሉኝና በሉኝ።

"አባባ፣ ካርታዬ ባዶ መሆኑን በምን አወቁ?" አልኳቸው።

"ደህና ካርታ ስትይዝ ኪስህን ትረሳዋለህ። አሁን ግን ሁለቴ ዳሰስከው" አሉኝ፣ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ።

በማግስቱ ለጓደኞቼ፣ "ከዛሬ ጀምሮ በለስላሳ የለም፣ በብር ነው" አልኳቸው። አንድ ማሽን ላይ አብሮኝ የሚሠራው ጌቱ እየፎከረ ጨመረ። ልጁ እንደታመመበት ጠዋት ነግሮኛል። ሲጨምር ግን እጁ የደረት ኪሱን ዳሰስ አድርጎ ተመለሰ። ድሮ ቢሆን ካርታዬን ጥዬለት እንሳሳቅ ነበር።

በላሁት።

"አንተ፣ በምን አወቅክ?" አለኝ።

አልነገርኩትም። ነገም ይጫወታላ።