ከአሥር ኩንታል ድንጋይ የጎደለው

በንጉሡ ዘመን ማብቂያ፣ ክረምት ሊገባ ሲል፣ ደምሴ የሚባል ኖራ አቃጣይ ቢቸና ውስጥ በሌብነት ተጠርጥሮ ሊገዘት ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆመ። ከተገዘተ ሞቶ እንኳ የሚቀብረው የለም። ለዘገባ ሄጄ እዚያው ነበርሁ። ለቤተ ክርስቲያኑ ሕንፃ ኖራ እንዲያቃጥል አሥር ኩንታል ድንጋይ ተመዝኖ ተሰጥቶት፣ የመለሰው ግማሹን ያህል ነው። «ቀሪውን በላኸው?» አሉት ቄሰ ገበዙ። «አባ፣ ከእሳቱ ያወጣሁትን ሁሉ አምጥቻለሁ። የት እንደገባ አላውቅም» አለ።

ከሐረር ተመድቦ የመጣ የኬሚስትሪ መምህር ብድግ አለ። «አባታችን፣ የኖራውን ሚዛን እንዳይነግሩኝ» ብሎ መሬቱ ላይ በእንጨት ማስላት ጀመረ። «ድንጋዩ ሲቃጠል የታመቀው አየር ይወጣል። ከመቶው ኪሎ አርባ አራቱ አየር ነው። የሚቀረው ኖራ አምስት ኩንታል ከስልሳ ኪሎ ነው።»

«ድንጋይ አየር ሆነ በለና!» አሉ አንድ ሽማግሌ። ሰው ሳቀ፤ ደምሴ አልሳቀም። የደብሩ ጸሐፊ መዝገቡን ገልጦ «አምስት ኩንታል ከስልሳ ሁለት» ሲል ሳቁ ቆመ። ቄሰ ገበዙም ደምሴን መስቀል አሳለሙት።

በዓመቱ ሞጣ ላይ የደምሴን ታናሽ ወንድም አገኘሁት። ደምሴ ከዚያ ቀን በፊት፣ ኖራው ከድንጋዩ እያነሰበት፣ «ኖራ ትሰርቀኛለህ» ብሎ ከምድጃው አባሮት ኖሯል። ሒሳቡን ከሰማ በኋላም አልጠራውም።