አቡጀዲ የለበሰው ኮምፒዩተር

ከድርቁ ማግስት፣ በ፲፱፻፸፱ ዓ.ም. ነው። አቶ ተክለብርሃን መርሳ ላይ የወልድያን አውቶቡስ ሲጠብቁ አንዲት ወጣት ከጎናቸው ቆመች። ገነት ትባላለች፤ አዲስ አበባ የኤሌክትሪክ ሙያ ተምራ ዘመድ ልትጠይቅ የመጣች ናት። ጨዋታ ተነሣና ሽማግሌው የከበዳቸውን አወጡት። ድሮ ጨርቅ ነጋዴ፣ አሁን ወልድያ የእርዳታ እህል መጋዘን ጠባቂ ናቸው። የተረጂዎች ስም ዝርዝር ያለበት የቢሮው ኮምፒዩተር በሥራ መሐል ድርግም እያለ፣ ሕዝቡ እህል ሳይታደለው ይመለሳል። የኮምፒዩተሩ ሠራተኛ ደሳለኝ በአሻጥር ተጠርጥሮ ታስሯል፤ እሳቸውም በማግስቱ ጉዳዩን በያዘው ካድሬ ፊት ሊመሰክሩበት ተጠርተዋል።

«ያየሁትን ነው የምናገር፣ ልጄ። እሱ ሲነካው ነው የሚጠፋው።»

«አባባ፣ የሚነካውስ እሱ ብቻ አይደል? ለመሆኑ እንደተከፈተ ነው የሚጠፋው ወይስ ቆይቶ?»

«ቆይቶ። ሲያርፍ ደግሞ ደህና ይነሣል። ተንኮል ባይሆን እንዲህ ይሆናል?»

«ይሞቃል?»

«እጅ አያስነካም!»

«ከኋላው የአየር ቀዳዳ አለው፤ የሸፈነው ነገር ይኖር ይሆን?»

አቶ ተክለብርሃን ኮራ አሉ። «ራቁቱን እተወዋለሁ እንዴ! ወፍራም አቡጀዲ ደርቤ እንደ ራዲዮ ልብስ ሰፍቼለታለሁ። ሲሠራም አላወልቅለትም፤ ፊቱ ብቻ ነው የሚታይ።»

«አይቀየሙኝ አባባ፤ ያፈነው ልብሱ ይመስለኛል። ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ይጠፋል።»

«ራዲዮዬን ስንት ዘመን ሳለብሰው ምን ሆነ?»

«ራዲዮ ይህን ያህል አይሞቅም።»

«ልብሱ ወልቆም ቢጠፋስ?»

«ያን ጊዜ ማራገቢያው፣ የጄነሬተሩ ኃይል፣ የላላ ሽቦ በየተራ ይታያል። ሰው የሚጠረጠረው በመጨረሻ ነው፤ እናንተ ግን ከመጨረሻው ጀመራችሁ።»

እኛ እንዲህ ነን፤ ማሽን ሲቆም ማሽኑን ከመክፈት ሰው ማሰር ይቀለናል።

ወልድያ ሲደርሱ የቢሮውን ኃላፊ አስፈቅደው ልብሱን አወለቁት። ገነት ኤሌክትሪኩን አስጠፍታ ከፈተችው፤ ማራገቢያውን የጠቀጠቀውን ብናኝ ጠርጋ አስነሣችው። አቶ ተክለብርሃን ወንበር ስበው ተቀመጡና፣ እግዜር ይቅር ይበላቸው፣ እንዲጠፋ ተመኙ፤ ከጠፋ ጥፋቱ የልብሳቸው አይሆንም። ትውልዳቸው ከትግራይ ነው፤ በዚያ የጦርነት ዘመን በዚሁ ብቻ ሲጠረጠሩ ኖረዋል። «እኔ ነኝ» ማለት ምን እንደሚያስከትል ያውቁታል። ኮምፒዩተሩ ግን እስኪመሽ ሲሠራ ዋለ።

በማግስቱ ካድሬው ፊት ቆመው፣ «ደሳለኝ ንጹሕ ነው። ያፈንኩት እኔ ነኝ፤ ባለማወቅ» አሉ። ፈርተው ነበር። ደሳለኝ ተፈታ፤ እሳቸው በእሱ ቦታ እስር ቤት ገቡ።

ገነት ስንቅ ይዛ ልትጠይቃቸው ሄደች።

«ይሠራል?» አሉ።

«ይሠራል። እህሉም ታደለ፤ የሀብሩ ወረዳ ሰዎች ተሸክመው ወደ ቤታቸው ገቡ።»

«ተመስገን። እንግዲያው እኔን እንዳስረዳሽኝ ለቢሮው ሰዎች አስረጂልኝ፤ ማሽን ሲቆም አስቀድመው ማሽኑን ይዩ። እኔ የምወጣበት ቀን ከመጣ፣ በዚህ በር ሌላ ደሳለኝ ሲገባ እንዳላይ።»