ፊት ለቆመ የሚያደላው ኮምፒውተር

ሀዋኦ! ናጋ ነሽ? ልጆቹ ደህና ናቸው? ፍየሎቹስ? … አልሐምዱሊላህ። እስቲ ጠጋ በይልኝ፣ አግዳሚው ለሁለታችን ይበቃል። አንቺም ጉርድ ፎቶ ልታወጪ ነው? ካልቶማን ደግሞ ምን አመጣት እንዳትይ፣ ትንሽ ጉዳይ ነበረችኝ። ከማንያታ እዚህ ድረስ በቦዳቦዳ ሞተር ስመጣ የጠጣሁት አቧራ! ዛሬ ምሳ አያስፈልገኝም።

ዱካው ግን፣ ሱቁ፣ እንዴት አምሮበታል! ቀለሙ፣ ማራገቢያው፣ ያ ትልቁ ስክሪን… ፍጥነቱስ! ድሮ እኮ እዚህ አንዲት ወረቀት እስክትወጣ ድረስ ከጎንሽ ከተቀመጠው ጋር ትዛመጂ ነበር። አሁን ቁጭ ብድግ ነው። ምን ቢያደርጉት ነው ብዬ ጋልጋሎን ጠየቅሁት፤ ኮምፒውተር የሚጠግነውን። አስረዳኝ፣ ይባረክና። ኮምፒውተር ውስጥ በአንድ ጊዜ ብዙ ሥራ አለ፣ ሁሉም ጉልበቱን ይሻማሉ። እዚህ የተጫነው ፕሮግራም ታዲያ ማንም ሳይነካው ቅድሚያውን በራሱ ይቀያይራል። ስክሪኑ ላይ ፊት የወጣውን ሥራ ከፍ ያደርገዋል፣ ከኋላ የተተወውን ዝቅ ያደርገዋል። በቃ፣ ፊት ያለ ይቀድማል።

ሱብሃነላህ! ባለቤቱን እንዲህ የሚመስል ማሽን አይቼ አላውቅም። ፊቱ የተቀመጠን ሰው እንዴት እንደሚያከብር አይተሽልኛል? ያቺ ከናይሮቢ የመጣችው፣ ጥፍረ ረጅሟ… ስትገባ ወንበሩን በገዛ መሐረቡ ነው የሚጠርግላት። ሶዳ ያስመጣላታል፣ ማራገቢያውን ወደሷ ያዞርላታል። ምን ይደረግ፣ ደንበኛ ናት! ሰው ደንበኛውን ካላከበረ ማንን ሊያከብር ነው? እጮኛውን? … እጮኛማ የት ትሄዳለች።

ኧረ ይማረው! ከመጋረጃው ጀርባ ማን እንዳነጠሰ እንጃ። አቧራው ነው፣ አቧራው።

ምን ልልሽ ነበር… አዎ፣ የወንድሜ ልጅ ረምዚያ። ሽማግሌዎቹ የመጡ ቀን ወጡን ከኛ ጋር የሠራሽ አንቺ አይደለሽ? ያን ቀን እናቷ ሶሎሎ ሆስፒታል ተኝታ ነበርና የልጇን ደስታ ሳታይ ቀረች። እና አንድ ደግ ሰው፣ እግዜር ይስጠው፣ «ቪዲዮውን በኮምፒውተሬ አሳምሬ ለእናትሽ አደርስላታለሁ» አለ። እናቲቱ ዳነች። ከሆስፒታል ወጣች። ላሞቿን ማለብ ጀመረች። ቪዲዮው ግን… እየተሠራ ነው። ረምዚያ ስትጠይቅ «ፖሌ ፖሌ፣ ቀስ እያለ እየሠራ ነው» ትባላለች። የሠርጉን ቀን ቁረጥ ሲባልም «እየታሰበበት ነው»። ደግሞ ውሸት የለበትም እኮ! ጋልጋሎ ከፍቶ አሳየኝ፤ እውነትም እየሠራ ነው። ከሁሉ ኋላ፣ ከሁሉ በታች፣ ከሌሎቹ የተረፈውን እየቀመሰ።

«ታዲያ ከኋላ ያለው መቼ ሊያልቅለት ነው?» አልኩት። ጋልጋሎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ለዚህም መላ አለው አለኝ። ፕሮግራሙ ብዙ የጠበቀውን ሥራ ቀስ በቀስ ከፍ ያደርገዋል፣ እንደተረሳ እንዳይቀር። «እዚህስ ምነው?» ስለው… «እሱን ባለቤቱ በእጁ አጥፍቶታል፣ ፊት ያለውን ትንሽ ያዘገየዋል ብሎ» አለኝ። በእጁ፣ ሀዋኦ። እኔ እኮ እስከዚያ ድረስ ማሽኑን ነበር የማማው።

እዚህ ላይ አልዋሽሽም፣ የወንድሜ ቤት ትዝ አለኝ። የኛን ቤት ደንብ ታውቂው የለ? ሽማግሌ መጀመሪያ ሲመጣ መልስ አይሰጠውም፣ ተመለሱ ይባላል። ሲመለስም ደግሞ ተመለሱ ይባላል። ሰው ማንገላታት አምሮን ነው? ጠብቆ የመጣ ሰው ክብሩ ይጨምራል ብለን ነው እንጂ። እነዚያ ረምዚያን የጠየቁት ሽማግሌዎች በመጨረሻ ሲመጡ ወንድሜ እደጅ ወጥቶ ተቀብሎ ከዘመዶቹ ሁሉ በላይ አስቀመጣቸው። በዚያው ሰሞን አንድ የጎልቦ ግመል ነጋዴም ልጅቷን ጠይቆ ነበር እኮ። ወንድሜ ግን «የለም፣ እነዚህ ብዙ ጠብቀዋል፣ እነሱ ይቀድማሉ» አለ። የዋህ ነው ወንድሜ፤ እንዲህ ያለው ነገር በእጅ እንደሚጠፋ ማን ነግሮት።

ለማንኛውም ቪዲዮውን ልወስድ ነው የመጣሁት። ጋልጋሎ እንዳለ በፍላሽ ገልብጦ፣ ከማሽኑ ላይ ደግሞ አጥፍቶልኛል። ይኸው፣ ሻርፔ ጫፍ ላይ ቋጥሬዋለሁ። የልጃችን መልክ ሰው የረሳው ቦታ እንዲከርም አልፈለግሁም። ልብሱም፣ ሽቶውም፣ ያኔ ለጥሎሽ የመጣው ሁሉ ትናንት ለልጁ እናት ተመልሶላቸዋል፤ ሽቶው ክዳኑ እንኳ አልተነካም። ልጁ እስካሁን አልሰማ ይሆን? እናቱ ከትናንት ጀምሮ ስትደውልለት ነው አሉ… አይ፣ የእናት ስልክ ምን ቸኮለ፣ ተራዋን ትጠብቃለች።

አንቺን የምፈልግሽ ለዓርብ ነው። ያ የጎልቦው ሰው ሽማግሌዎቹን እንደገና ልኳል። እንግዲህ እንደ ደንባችን ተመለሱ እንላቸዋለን፣ ይመለሳሉም፤ ግመል ነጋዴ መጠበቅ ይችልበታል። ረምዚያ ምን አለች አትይኝም? ሳቀች! ሳቋ ናፍቆን ነበር እኮ፣ ደስ ብሎኝ አለቀስኩ። እና ወጡን ያው አንቺ ትሠሪልናለሽ። ቪዲዮ የሚቀርጽልን ሰው ብቻ ካወቅሽ ጠቁሚኝ… የጀመረውን የሚጨርስ።

ፎቶሽ ወጣ መሰለኝ፣ እኔም ልሂድ። ግን በሰው ማራገቢያ ስቀዘቅዝ ቆይቼ ሳልመርቅ ብወጣ ነውር አይሆንም? እጅሽን ዘርጊ። አሚን በይ፣ ከመጋረጃው ጀርባም ሰው ካለ አሚን ይበል…

አላህ ዱካውን ያድምቅለት። ወንበሩን ባዶ አያድርግበት። እናቱን ያቆይለት፣ ስልኳን የሚያነሣበት ጊዜም ይስጠው። ቆንጆ ሚስትም ይስጠው፣ ሳቂታ፣ ለሰው የምትሆን… ልክ እንደ ማሽኑ ያለች፣ ፊቷ ለቆመው ሁሉ ቅድሚያ የምትሰጥ፣ እሱን ደግሞ ከኋላ ሆኖ እየጠበቃት፣ እስከ ሽበቱ ድረስ ፖሌ ፖሌ የምትወደው። አሚን።