ሁለትን ስነካ አራት የሚለው በር

ጣቴ ነው የተሳሳተው ወይስ ሽቦው? እስካሁን አላወቅሁም። ባሌ ከስልክ እያየ የቁጥር መጫኛ ከትንሽ የኤሌክትሮኒክ ቦርድ ጋር አገናኝቶ በራችንን በቁጥር የሚከፈት አድርጎታል። ልብስ ላሰጣ ብቅ ስል ነፋስ ዘጋው፤ ሕፃን ልጄ ውስጥ ቀረ። ቁጥሩን ብነካ ብነካ ወይ ፍንክች! ድብ ባሕር ወደምትባል ከተማ ለሥራ ለሄደው ባሌ ደወልኩ።

«ምነው አንች፣ ቁጥሩ ጠፋሽ?» ብሎ ሳቀ። የልጁን ጩኸት ሲሰማ ግን «ቆይ፣ ጧት ሽቦውን ሳስተካክል አዘዋውሬው ይሆናል፤ በሁለት ፈንታ አራትን ንኪ» አለኝ። ብነካም እንቢ አለ። ልጄም ዝም አለ። እኔ እዚያው ሞትኩ። ጎረቤታችን አያ ሙሉ በሩን በመጥረቢያ ገንጥለው ሲገቡ፣ ልጄ በለቅሶ ደክሞ መሬት ላይ ተኝቷል።

ባሌ ሲመለስ በሩን ጠግኖ የቁጥር መጫኛውን መልሶ ገጠመው። «አሁን ሸጋ ሆኗል፤ ድሮም ያንች ጣት ነው» ይለኛል። ቁጥር በቅጡ ያልተማርኩ ነኝና ምን ብዬ ልከራከር? ንቀልልኝ ብዬ እንዴት ላሳምነው? እባካችሁ ምከሩኝ።