ያልታየው ጠባሳ

አቶ ተክለጻድቅ ከልደታ ማርያም ተሳልመው ሲመለሱ፣ የዕድሩን ድንኳን ብረት ተሸክሞ የሚመጣውን ጎረቤታቸውን መምህር ኢዶሳን መንገድ ላይ አገኙት። ኢዶሳ ሸክሙን አውርዶ እጅ ነሣቸውና የጎናቸውን ሕመም ጠየቃቸው።

ሕመሙ የቆየ ነው። ከግራ ኩላሊታቸው ሽንት የሚወርድበት ቱቦ ስለጠበበ፣ ውሃም ሆነ ጠላ ደህና አድርገው ከጠጡ ጎናቸውን ሰቅዞ ይይዛቸዋል። ስለዚህ በየማኅበሩ ጽዋው ሲደርሳቸው ለጎረቤት ያሳልፋሉ። ማኅበርተኛው ሱባኤ ላይ ናቸው ብሎ አከበራቸው፤ እሳቸውም ክብሩ ጣማቸውና ዝም አሉ። አሁን ግን ሐኪሙ ቱቦው ካልተስተካከለ ኩላሊቱ ይሞታል ብሏቸዋል። ቀዶ ሕክምናው በትንንሽ ቀዳዳ፣ በካሜራ እየታየ እንደሚሠራ ሲሰሙ ደግሞ ጭራሽ ሸሹ።

«ልጄ፣ ጣት በማታስገባ ቀዳዳ የተሠራ ሥራ ስንት ጊዜ ይከርማል? ደግሞስ ቢላ የነካው ሰው መቼ ሸክም ያነሣል? አንተ ገላህ ስላልተነካ አይደል ይህን ብረት እንደ ሸንበቆ የምትሸከመው?»

ኢዶሳ ፈገግ ብሎ ሸሚዙን ገለጥ አደረገ። ሆዱ ላይ ባቄላ የማያካክሉ ሦስት ጠባሳዎች አሉ።

«የእርስዎው ሕመም ነበረብኝ፣ ጋሼ። ከተሠራልኝ አሥር ዓመት አለፈው።»

ዕድሜያቸውን በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የጨረሱት አቶ ተክለጻድቅ ክው አሉ። «ተመልሶ አይዘጋም?» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ጥቂት ሰው ላይ ተመልሶ ይጠብባል፤ አልዋሽዎትም። ለዚህ ነው በአልትራሳውንድ የሚከታተሉት። የእኔ ግን ይኸው እስካሁን በደንብ ይሠራል። ሆድ በሰፊው ቢከፈትም የውስጡ ስፌት ያው ነው፤ በዚህኛው ቁስሉ ቶሎ ይሽራል፣ ሰውም ቶሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ ጋሼ።»

«ምስክር ሳልሰማ ፈርጄ ኖሯል» አሉ አቶ ተክለጻድቅ። በዚያው ሳምንት ልጃቸውን አስከትለው ሐኪም ቤት ሄዱ።

በዓመቱ ማኅበሩ እሳቸው ቤት ወጣ። ጽዋው ሲደርሳቸው ደህና አድርገው ጠጡና እጃቸውን ጎናቸው ላይ አድርገው ሕመሙን ጠበቁት። አልመጣም። ደስታቸው እንባ ሆኖ ዓይናቸውን ሞላው።

«ወንድሞቼ፣ ሱባኤ አልነበረም» አሉ። «የታመመ ኩላሊት ነበር፤ ዛሬ ድኗል። የምትደብቁት ካለ ሳይረፍድ ታከሙ፤ ከታከማችሁም በኋላ ክትትሉን አታቋርጡ።»

ቤቱ በእልልታ ተሞላ። ከዳር የተቀመጡት አቶ በሱፍቃድ ግን እልል አላሉም። ጽዋውን ሳይቀምሱ አሳለፉና ወደ አቶ ተክለጻድቅ ጠጋ ብለው የሐኪሙን ስም ጠየቁ።