ጭነቱ እስኪያልቅ

— ሄሎ… አቤት፣ ብሎኬት ማምረቻው ነው። ዝናሽ ነኝ፣ የማምረቻው ባለቤት… ማን ልበል?… ጮክ ይበሉ፣ አይሰማም… አዎ፣ ዋልልኝ እዚህ ነው የሚሠራው። አጎቱ?… አያ ሙላቴ! እንዴት አደሩ? ከእብናት ነው የሚደውሉ?… የሱ ስልክማ እኔ ጋ ነው፣ በሥራ ሰዓት አላስይዝም።

— ምን አሉኝ?… አባቱ?… ሌሊት?… እኔን! ነፍስ ይማር።

— አንተ ዋልልኝ! ምን ቆመህ ታየኛለህ? ጫን እንጂ! ሹፌሩ ሳይመሽበት ገሳይ ከተማ መድረስ አለበት!

— አይ፣ አልሰማም፣ ራቅ ብሎ ነው። አልነግረውም፣ አይስጉ። መርዶ እንዲህ በስልክ እንደማይነገር መች አጣሁት… «አባትህ ትንሽ አሞታል» ብዬ አሁኑኑ መኪና ላሳፍረው?… ቀብሩ ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት… ገባኝ። የእብናት መኪና ከደብረ ታቦር ሊወጣ ነው፣ እሱንም አውቃለሁ። ግን አያ ሙላቴ፣ ዛሬ የሚካኤል ንግሥ ነው፤ ትልልቆቹ ሠራተኞች ጥለውኝ ሄዱ። «እኔ እቀራለሁ» ያለኝ እሱ ብቻ ነው። አይሱዙው ገና ግማሹም አልሞላ።

— ሄሎ?… ይሰሙኛል?… አይቆጡኝ እንጂ! ሲመጣ እኮ ቀጫጫ ነበር፤ «ይሄ ደግሞ ብሎኬት ያነሳል?» ብዬ ልመልሰው ነበር። ሲሚንቶው እጁን ልጦት በጨርቅ ጠምጥሞ ይመጣ ነበር። አሁን የሁለት ሰው ይሠራል። ሰነፍ ቢሆንማ ይህን ጊዜ ለቅቄው ነበር።

— አንድ ልጁ እንደሆነማ ነግሮኛል… አፈር ሳያለብሰው… እሺ፣ ግን መርዶውን ካልተረዳ ምን ያስቸኩለዋል? እኔ ቤይሩት ሳለሁ አባቴ ሲሞት ማን ነገረኝ? አሠሪዬ ሰምታ ደብቃኝ፣ ለቤታቸው ሠርግ ምንጣፍ ስታሳጥበኝ ከረመች። ሞትኩ? ይኸው ቆሜ እሄዳለሁ… ድምፄ ምን ሆነ? አቧራ ነው።

— ነገ በማለዳ እልከዋለሁ። ለመርዶውም ማለዳ ነው ደንቡ… ቆይ አንዴ፣ እየመጣ ነው።

— ምን ፈለግክ?… ደንበኛ ነው፣ ስለ ብሎኬት ነው። ስማ ዋልልኝ፣ ይህን መኪና ብቻህን ከሞላህ ከነገ ጀምሮ ቋሚ ሠራተኛ ነህ… የምሬን ነው! በሚካኤል!… ስልክህን? ለማን ልትደውል?… ለአባትህ።

… አሁን አውድማ ላይ ነው የሚሆነው፣ አይሰማህም። ማታ ትነግረዋለህ። ሂድ፣ ሂድ ጫን!

— ሄሎ… አያ ሙላቴ፣ አልዘጉትም ነበር እንዴ?… እና ሰምተውታል። እንዲህ ሲስቅ እኔም ሰምቼው አላውቅ…

ኧረ በእግዚአብሔር፣ እንዲህ አያልቅሱ! ድምፅዎ ወደ ውጭ ይሰማል። በሉ፣ ዘጋሁት።