ለጨረታ የታመመው ሞተር

(በአንድ የወረዳ ከተማ ጽሕፈት ቤት ግቢ፣ ረፋድ ላይ፤ የንብረት ክፍል ኃላፊው አቶ ልየው ወረቀትና እስክሪብቶ ዘርግተው ቆመዋል፣ መካኒኳ ጥሩአየር ዋርካው ሥር ካረጀው የክትባት ሞተር ሳይክል አጠገብ ተንበርክካለች።)

አቶ ልየው፦ ፈርሚ አልኩሽ እኮ! አንድ መስመር ናት፤ «ክራንኩ ስለተሰበረ ሞተር ሳይክሉ ይወገድ።» በቃ።

ጥሩአየር፦ ጋሼ ልየው፣ ሳልነካው ሞቷል ብዬ ልፈርም? እኔ መካኒክ ነኝ እንጂ አልቃሽ አይደለሁም።

አቶ ልየው፦ ምኑን ትነኪዋለሽ? ቋ! ቋ! ቋ! ሲል ገበያው ድረስ ይሰማል። ክራንክ ነው፣ ፒስተኑ የሚያዞረው ዋናው ዘንግ። ሕፃን ልጅ ያውቀዋል።

ጥሩአየር፦ ይኸው ነው እኔን የሚያቃጥለኝ! በዚህ አገር ያተኮሰው ሰው ሁሉ ታይፎይድ፣ ቋ ያለ ሞተር ሁሉ ክራንክ! ድምፁ መቼ ጀመረ? ሲቀዘቅዝ ነው ሲሞቅ? ዳገት ላይ ነው ሜዳ ላይ? ማን ጠየቀ?

አቶ ልየው፦ ዕድሜውን አታዪም? ሠላሳ ዓመት! ሰው ቢሆን የልጅ ልጅ አይቶ ነበር። ጡረታ ይውጣ ባልን ምን ከፋሽ?

ጥሩአየር፦ የከፋትስ የክትባት ሠራተኛዋ እታገኝ ናት። ሞተሩን ከቀማችኋት ወዲህ ክትባቱን በበረዶ ሣጥን ተሸክማ ቆላ ትወርዳለች፣ አራት ሰዓት በእግሯ። በረዶው ግማሽ መንገድ ላይ ይቀልጣል፣ ክትባቱም ይበላሻል። ባለፈው ሳምንት አሥራ ሰባት እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ሲጠብቁ ውለው እንዲሁ ተመለሱ።

አቶ ልየው፦ እሱ የጤና ሰዎች ጣጣ ነው። የእኔ ሥራ ንብረት ነው።

ጥሩአየር፦ ጨረታውም ሥራዎ ነው? ይወገድ ሲባል ጨረታ ይወጣል። አማችዎ ደግሞ ሞተሩ ገና ሳይመረመር ሄልሜት ገዝተዋል አሉ።

አቶ ልየው፦ አፍሽን ያዢ! ሄልሜት ለመግዛት ፈቃድ ያስፈልጋል እንዴ?

ጥሩአየር፦ አፌን አልይዝም። ይልቅ እርስዎ ይህን ካቻቢቴ ይያዙልኝ።

አቶ ልየው፦ እኔ? በዚህ ሱፍ?

ጥሩአየር፦ በእጅዎ ነው እንጂ በሱፍዎ ይያዙ ያለ የለም። ካንዴላውን አውጥቻለሁ፤ ካቻቢቴውን በካንዴላው ቀዳዳ ያስገቡትና ጫፉ ፒስተኑ ላይ ይረፍ። እኔ ይህን ቮላኖ፣ ክራንኩ ጫፍ ላይ የታሰረውን ክብ ብረት፣ ወዲያ ወዲህ አደርገዋለሁ። ክራንኩ ጤነኛ ከሆነ ቮላኖውና ፒስተኑ እኩል ይንቀሳቀሳሉ፤ ካቻቢቴው እጅዎ ላይ ይነግርዎታል። ክራንኩ ከተበላ ግን ቮላኖው ይቀድማል፣ ፒስተኑ ቆይቶ ይከተላል።

አቶ ልየው፦ እሺ፣ አንቀሳቅሺው... ቆይ... አየሽ! አየሽ! ቮላኖው ሄደ፣ ካቻቢቴዬ አልሄደም! ክራንክ! ፈርሚ!

ጥሩአየር፦ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። እጅዎ እዚያው ይቆይ፣ ዓይንዎን ወደዚህ ያምጡልኝ። ቮላኖው መሐል ላይ የክራንኩ ጫፍ ብቅ ብሏል፤ ታየዎት? አሁን ቮላኖውን ስነቀንቀው እሱ ይነቃነቃል?

አቶ ልየው፦ ...አይነቃነቅም።

ጥሩአየር፦ እና ምኑ ነው የሚነቃነቀው?

አቶ ልየው፦ ቮላኖው ብቻ።

ጥሩአየር፦ እንግዲያውስ! ክራንኩ ምንም አልሆነም፤ ቋ የሚለው እላዩ ላይ የታሰረው ቮላኖ ነው። ማሰሪያው ዳዶ ላልቷል። ቀበቶው ስለላላ ሰውየውን ልትቀብሩት!

አቶ ልየው፦ ከዕድሜ ብዛት ላልቶ ይሆናላ።

ጥሩአየር፦ ከዕድሜ? ይህን ይዩ። የዳዶው ጠርዝ ተነክሷል፤ ቁስሉ ያብረቀርቃል፣ ዝገት እንኳ ገና አልነካውም። በፒንሳ የታገለው ሰው አለ። መካኒክ አይደለም፤ መካኒክ እንዲህ አያበላሽም።

አቶ ልየው፦ ዘበኛው ነካክቶት ይሆናል።

ጥሩአየር፦ ጋሽ በዜ? ቆሎ መንከስ ካቃታቸው ስንት ዘመናቸው፣ ዛሬ ዳዶ ሊነክሱ!

አቶ ልየው፦ አንቺ ሴት፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ጋራዥሽ ያለበት ቦታ የመንግሥት ነው፤ ውሉ የሚታደሰው በእኔ ጠረጴዛ በኩል ነው።

ጥሩአየር፦ አይታደስ! ዋርካ ሥር እሠራለሁ፤ ዋርካ ውል አይጠይቅም። ደግሞ ሊያስፈራሩኝ ነው? እኔ የምፈራው ቆላ ወርዳ ባዶ እጄን ነኝ የምትለዋን እታገኝን ነው እንጂ እርስዎን አይደለም! ይኸው፣ አጠበቅኩት። ካቻቢቴውን እንደገና ይያዙ። አሁንስ?

አቶ ልየው፦ ...እኩል ነው።

ጥሩአየር፦ አልሰማሁም።

አቶ ልየው፦ እኩል ነው አልኩ! ወዲያ ሲል ወዲያ፣ ወዲህ ሲል ወዲህ!

ጥሩአየር፦ እሰይ። ካንዴላውን ልመልስና ልርገጠው።

አቶ ልየው፦ እዚህ? ሰው ሥራ ላይ ነው እኮ! ወደ ጋራዥሽ ግፊው... ተይ... አትርገጪ አልኩሽ!

ጥሩአየር፦ ረገጥኩት! ሰሙልኝ? ጡ ጡ ጡ ጡ! ቋ የለ፣ ቂ የለ!

አቶ ልየው፦ አጥፊው! መስኮቱ ሁሉ ተከፈተ! ዋና አስተዳዳሪውም ደጃፉ ላይ ወጡ... አጥፊው በማርያም፣ እትዬ ጥሩአየር!

ጥሩአየር፦ እታገኝ! አንቺ እታገኝ! ሣጥንሽን ይዘሽ ነይ! ጋሼ ልየው በገዛ እጃቸው መርምረው ክራንኩ ጤነኛ ነው ብለዋል! ከነሱፋቸው ጎንበስ ብለው! አይደለም እንዴ ጋሼ? ጮክ ይበሉ እንጂ፣ አስተዳዳሪው አልሰሙም።

አቶ ልየው፦ ...አዎ! አዎ፣ እኔው ነኝ የመረመርኩት! ነይ ውሰጂው ልጄ፤ ስትወጪም በሩ ላይ ያለውን የጨረታ ማስታወቂያ ገንጥለሽልኝ ሂጂ!